መርፌው ወርዶ ነበር

የጋለ ብረትና የተቃጠለ ጎማ ሽታ ነው፤ ከሥሩ ግን ጣፋጭ ነገር አለው፣ ምድጃ ላይ የተረሳ ስኳር ይመስላል። የራዲያተር ውሃ ሲያልቅ መኪና እንዲህ ይሸታል። ባለፈው ሐሙስ ረፋድ ላይ ከኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሽንኩርት ጭኜ ወደ ሰፈሬ ወደ አማራት ስመለስ ይህ ሽታ መጣብኝ፤ እኔ ሳላዝዘው እግሬ ፍሬን ያዘ። ይህን ሽታ ከዚያ በፊት ያሸተትኩት አንዴ ብቻ ነው። ያኔ ይቺው ፒካፕ በገመድ ተጎትታ ስትገባ ግቢያችን በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ያን ቀን የተናገርኩትን ነገር እስካለፈው ሐሙስ ድረስ አንድም ቀን መልሼ አስቤው አላውቅም እል ነበር። እል ነበር እንጂ አስቤዋለሁ።

ስለዚያ ዘመን ጁባ ሲወራ ሁሉም ደግ ሆኖ ይወራል። ሁላችንም የተረዳዳን፣ ሁላችንም የተካፈልን ይመስላል። እኔ እንዲህ አላስታውሰውም። የማስታውሰው ቀይ አቧራውን ነው፣ አስፋልቱ ጥቂት ጎዳና ላይ ብቻ እንደነበር፣ ዝናብ ሲጥል አማራት ድረስ ጫማ በእጅ ተይዞ ይኬድ እንደነበር። ምግብ ቤታችን አጥሩ ቀርከሃ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ጠጠር ነበር። አንድ ሳህን ጥብስ በአሥራ አምስት ፓውንድ እንሸጥ ነበር፤ ፓውንዱም በኪስ ይያዝ ነበር። ዛሬ ሽንኩርት ልገዛ ስወጣ ገንዘቡን በፌስታል ነው የምሸከመው። የአገሩ ሴቶች ትከሻቸው ላይ የሚቋጥሩት ላዋ ያኔ ቀለሙ ይለያል፤ ቢጫው እንደ እንቁላል አስኳል ነበር፣ ታጥቦ አይለቅም። አመሻሽ ላይ የየቤቱ ጄነሬተር በየተራ ይነሳና የእኛ ሲነሳ ብቻ ካሴቱ መዝፈን ይጀምራል። ከዘፋኟ ድምፅ በታች ሁልጊዜ የሞተር ድምፅ ነበረ፤ አሁን ያንኑ ዘፈን ያለ ጄነሬተር ስሰማው የጎደለ ይመስለኛል።

ምግብ ቤቱ የእኔና የዘነበች ነበር። ከሞያሌ ጀምሮ አብረን የመጣን ሸሪኮች ነን፤ እሷ ግን ዛሬም ሰው ሲጠይቃት «እኔ ያቋቋምኩት» ትላለች። እኔ ጓሮ ሽንኩርት ስልጥ ዓይኔ ሲቃጠል፣ እሷ ፊት ለፊት ከደንበኛ ጋር ስትስቅ ትውል ነበር። ደንበኛ የሚመጣው በሳቋ ይመስላታል። መምጣቱንስ በሳቋ መጥቶ ይሆናል፤ የሚመለሰው ግን በወጤ ነበር። ያኔ አልነገርኳትም፣ ይኸው አሁን ነገርኳት።

ፒካፗን አገሩ ከሚመለስ አንድ ነጋዴ ላይ ገዛናት። ነጭ ነበረች፣ በሮቿ ብቻ ግን ከሌላ መኪና ተነቅለው የተገጠሙ ሰማያዊ ነበሩ። ቴፗ ውስጥ አንድ ካሴት ተቀርቅሮ አልወጣም ስላለ በሄድንበት ሁሉ ያንኑ እየሰማን እንሄድ ነበር። ዳሽቦርዷ አርጅቶ ተሰነጣጥቋል፤ ሦስት መርፌዎች ነበሯት፣ የነዳጅ፣ የባትሪና የሙቀት፤ ከነሱ በታች ደግሞ ዘይት ሲያንስ የምትበራ ትንሽ ቀይ መብራት። እነዚህን ነገሮች አውቃለሁ። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከጎኑ ተቀምጬ ጂማና ነቀምት እሄድ ነበር፤ መርፌ ማንበብ የቻልኩት ከፊደል እኩል ነው። አንድ ጊዜ የፒካፗ መርፌዎች የፊት መብራት በበራ ቁጥር ሦስቱም አንድ ላይ መዝለል ጀመሩ። መካኒኩ ዳሽቦርዱን በሙሉ ልፍታ አለኝ። «መርፌዎቹ አንድ ላይ ከዘለሉ የታመመው ሞተሩ አይደለም፣ የማሳው ሽቦ ነው» አልኩት፤ ከባትሪው ተነስቶ ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረውን ሽቦ ማለቴ ነው። ቡሎኑን አስፈትቼ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ጠረግኩት፤ ሦስቱም መርፌዎች ቦታቸው ተመለሱ። ያን ቀን መካኒኩ ፊት የተሰማኝን ኩራት አልረሳውም። ከዚያ በኋላ የቱ መርፌ እንደሚዋሽ፣ የቱ እውነት እንደሚናገር እኔ ብቻ የማውቅ መሰለኝ። የዘይቷ መብራት መኪናዋ ቆማ ስትሠራ ብልጭ ድርግም ማለት ስትጀምር «ሽቦዋ ነው» ብዬ ጥቁር ፕላስተር ለጠፍኩባት።

ሹፌራችን ጋትሉዋክ ይባላል። ኑዌር ነው፤ ያደገው ጋምቤላ ስለሆነ አማርኛው የትምህርት ቤት አማርኛ ነበር፣ ጥርት ያለ፣ ግን «እርስዎ» የሚባል ነገር የለበትም። እኔንም፣ ቄሱንም፣ ሐጂንም አንተና አንቺ ይል ነበር። «እትዬ ሙሉ፣ አንቺ ደክሞሻል፣ ቁጭ በይ» ሲለኝ ዘነበች በሳቅ ትሞታለች፤ እኔ አልስቅም ነበር። ረጅም ቀጭን ልጅ ነው፤ ነጭ ሸሚዙን ሁልጊዜ የሚተኩሰው ራሱ ነው፣ ወደ ድንበር በሚወስደው የኒሙሌ መንገድ ላይ አቧራ እንደሚበላው እያወቀ። ከመንዳቱ በፊት የዘይቷን መብራት በፕላስተሩ ላይ በጣቱ መታ መታ ያደርግ ነበር።

«እትዬ፣ ይቺ ልጅ የሆነ ነገር ልትነግረን ትፈልጋለች» አለኝ አንድ ጠዋት።

«ሽቦዋ ነው አልኩህ።»

«ሽቦ ከሆነ ለምን ሲሞቅ ብቻ?»

«ጋትሉዋክ፣ አንተ የሙቀቱን መርፌ ብቻ እይ። ወደ ቀዩ ሲወጣ ቁም። ካልወጣ አትቁም። የያዝከው ቲማቲም ነው፣ በየጥላው ሥር ስታሳርፈው ይበሰብሳል።»

ይህን ያልኩት አንድ ቀን አይደለም፤ በወጣ ቁጥር እለው ነበር። ከኒሙሌ ቲማቲም ለሁለት ሳምንት እንዳልሆነ ሆኖ ስለመጣብን ነው። ዘነበችም እዚያው ቆማ ትሰማ ነበር።

ከዚያ በደረቁ ወቅት አንድ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ፒካፗ በሌላ መኪና ተጎትታ ገባች። ቤቱ ሙሉ ነበር፤ ዱቄት አከፋፋዩ ሐጂ ከድር እንኳ በሩ አጠገብ ካለችው ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ኮፈኑ ሲከፈት ያ ሽታ ምግቡ ላይ ሁሉ ሄደ። ሞተሩ ነክሷል፤ በእጅም በቁልፍም አይዞርም። ጋትሉዋክ ለአቧራው አፍንጫው ላይ ያሰረውን ሻርፕ አንገቱ ላይ አውርዶ ቆሟል፤ ከዓይኑ በታች ያለው ፊቱ ንጹሕ፣ ከላይ ያለው ቀይ ነበር።

«መርፌው ወርዶ ነበር» አለኝ።

«ወርዶ ሞተር ይነክሳል?»

«ትንሽ ወጣ፣ ከዚያ ወረደ። እስከ ታች ወረደ። እኔ ደስ አለኝ።»

«ደስ አለህ?»

«ሲወርድ ደስ አይልም? ካልወጣ አትቁም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ደንበኞቹ ማንኪያ አቁመው ይሰሙ ነበር። ዘነበችም ከውስጥ ወጥታ፣ እጇን በፎጣ እየጠረገች፣ «አንቺ ሙሉ፣ ልጁ የሚለውን ስሚው እንጂ። እውነቱን ነው፣ እንዳትቆም ብለሽው የለ?» አለችኝ። ሰው ሁሉ ፊት። ዘነበች ያን ባትል ኖሮ ዝም ብዬ አስብበት ነበር ብዬ ለብዙ ጊዜ አምኛለሁ። ከእሷ አፍ ከወጣ በኋላ ግን ወይ እሱ ውሸታም ነው፣ ወይ እኔ ነኝ ሞተሩን ያቃጠልኩት። ሦስተኛ መንገድ አልታየኝም።

«ውሸታም» አልኩት። «ተኝተህ ነው። የሚነድ ሞተር መርፌው አይወርድም፤ እኔ ከአባቴ ጋር ያደግኩበት ነገር ነው። አንተ መርፌ አታይም።»

ቁልፉን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ አስገብቶ ሄደ።

እዚህ ጁባ፣ በእኛ በሐበሾች ዘንድ፣ ሹፌር በወረቀት አይቀጠርም። ለቀድሞ አሠሪው ይደወልና «እንዴት ነው?» ይባላል። የተጣላ ሰው እንኳ ለዚህ ይደዋወላል፤ ለዚህ ሲባል ስልክ አለማንሳት ነውር ነው። መልሱም ረጅም አይደለም፤ አንዲት ቃል ከተናገሩ ያቺ ቃል በየሆቴሉ ትዞራለች። ስለ ጋትሉዋክ ሲደወልልኝ «መርፌ አያይም» እል ነበር። ሳቅ ይሉና ስልኩን ይዘጋሉ። ማንም የሐበሻ ቤት አልቀጠረውም። ዘነበችና እኔም በዚያው ተለያየን፤ ምግብ ቤቱን ዘጋን፣ እሷ የራሷን ከፈተች፣ እኔ ፒካፗን ይዤ ሞተር አስቀይሬ የራሴን ከፈትኩ። መንገድ ላይ ስንገናኝ እሷ ትስቃለች፣ እኔ ስልኬን አያለሁ።

ከዚያ ያ የጦርነቱ ክፉ ጊዜ መጣ። ስለሱ የሚጽፉ ሌሎች አሉ። እኔ የማውቀው ብዙ ወንበር ባዶ እንደሆነ፣ ጄነሬተሮች እንደጠፉ፣ አስፋልቱ ላይ ሰው እንደሌለ ነው። ጋብ ሲል ለአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ምሳ እያዘጋጀሁ በፒካፗ ማንጋቴን የሚባል ሰፈር ድረስ አደርስ ነበር። የተፈናቀለው ሰው ካረፈበት አጠገብ፣ ውሃ መቅጃው ጋ፣ ጄሪካን ይዘው ከተሰለፉት መሃል ጋትሉዋክን አየሁት። ነጭ ሸሚዝ ነበር የለበሰው። እሱ እኔን አላየኝም፤ መኪናዋን ነው ያየው። አንገቱን ዘንበል አድርጎ የመኪናዋን ድምፅ ሲያዳምጥ አየሁት፣ የድሮ ጎረቤቱን ሳል እንደሚለይ ሰው። መስኮቱን ወደ ላይ ዘጋሁ። ሙቀቱ አያስችልም ነበር፣ ግን ዘጋሁት።

ይህ ሁሉ አልፎ፣ ባለፈው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

«ሙሉ፣ ዘነበች ነኝ።»

«አወቅኩሽ።»

«ለሆቴሉ ሹፌር እፈልጋለሁ። ጋትሉዋክ መጥቷል። ልጆቹ አድገዋል፣ ክፍያ ስለጎደለ ከትምህርት ቤት ሊያስወጡበት ነው፣ ሥራ ይፈልጋል። እንዴት ነው?»

«አብረሽ ነበርሽ። እንደምታውቂው ነው።»

«እኔ የማውቀውን ያኔ ተናግሬያለሁ። አሁን የጠየቅኩት ያንቺን ቃል ነው። የኔ ሰዎች ሻንጣና እንግዳ የሚያስረክቡት ለእሱ ነው፤ ያለ ቃል ብወስደው ነገ ‹መርፌ የማያይ ቀጠረች› ይሉኛል፤ ይቺን ያስለመድሽው አንቺ ነሽ።»

«አስቤ እነግርሻለሁ።»

«ነገ ምሳ ሰዓት ና ብዬዋለሁ። እስከዚያ ካልነገርሽኝ ሌላ ሰው አለ» ብላ ዘጋች። የምደውል አልመሰለኝም። አለመደወልም መልስ ነው፤ እጄን ሳላነሳ ነገሩ ያልቃል ብዬ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ሽንኩርቴን ጭኜ ከገበያ ስወጣ የሙቀቱ መርፌ ከመሃል አለፍ አለ። ዓይኔን ጣልኩበት። መኪናውና ቦዳቦዳ የሚባለው የሞተር ሳይክል ታክሲ ተጨናንቆ ስለነበር ጥቂት ሄድኩ፤ መርፌው ቆመ፣ ከዚያ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። «እሰይ፣ ዳነችልኝ» አልኩ፤ ድምፄን ሰምቼዋለሁ። እስከ ታች ወረደ። ደስ ብሎኝ መስኮቱን ከፍቼ ነዳሁ። ሽታው የመጣው ያኔ ነው።

ዳር ይዤ አጠፋኋት። ከዛፍ ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ «ማማ፣ አረቢያ ታኪ ሱኩን» አለችኝ፤ መኪናሽ ግላለች ማለቷ ነው። ወንበር ሰጠችኝ። ሻይ ጠጥቼ ትንሽ በረድ እስኪል ጠበቅኩ፤ በጋለ ሞተር ላይ ውሃ እንደማይፈስ አባቴ አስተምሮኛል፣ ይህን ቢያንስ። ኮፈኑን ስከፍት የላይኛው የራዲያተር ቱቦ ተሰንጥቋል፤ ውስጡ ጠብታ ውሃ የለም። ስንጥቁን በላስቲክ አጥብቄ አሰርኩና ከሻይ ሻጯ ጄሪካን ውሃ ገዝቼ ቀስ እያልኩ ሞላሁ። ከዚያ ሞተሩን ሳላስነሳ ቁልፉን ብቻ ከፈትኩ።

መርፌው ከታች ተነስቶ ዓይኔ እያየ ቀዩ ላይ ወጣ።

ቆሜ አየሁት። መርፌው ሞተሩን አያውቀውም። የሚያውቀው ውሃውን ነው። ሴንሰሯ ውሃ ውስጥ ተነክራ ነው የምትለካው፤ ውሃው ሲያልቅ ባዶ ትንጠለጠላለች፣ ሞተሩ ሥሯ እየነደደ እሷ ቀዝቃዛ ነው ብላ ትናገራለች። ለመቆም ቀዩን የሚጠብቅ ሰው ቀዩን አያይም። ልጁ ተኝቶ አልነበረም። መርፌውን እያየ፣ እኔ ያልኩትን እየፈጸመ፣ ደስ ብሎት ነው የነዳው። በጥፍሬ የዘይቷን ፕላስተር ፋቅኩት፤ ከሥሩ ያለው መስታወት ከዙሪያው ንጹሕ ነበር። ቀይዋ መብራት በርታ ነበር፣ ቁልፍ ሲከፈት እንደሚገባት። መብራቷ ምንም አልሆነችም።

ሰዓቱ ለምሳ ደርሶ ነበር። የእኔ ቤት በግራ ነው፣ የዘነበች ሆቴል በቀኝ። ከሻይ ሻጯ በቀር ያየኝ ሰው አልነበረም፤ እሷም የምታውቀው መኪና መጋሉን ብቻ ነው። እውነት ለመናገር ወደ ግራ ፍሬቻ አብርቼ ነበር። ከኋላዬ የነበረው ቦዳቦዳ ፍሬቻዬን አምኖ በቀኜ ሊያልፍ ሲል ነው ወደ ቀኝ የታጠፍኩት፤ የሰደበኝን ስድብ አልተረጎምኩትም።

ሆቴሏ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። ነጭ ሴራሚክ፣ የመስታወት በር፣ ከላይ ቬንትሌተር። ሐጂ ከድር በሩ አጠገብ ተቀምጠው ይበላሉ፤ አርጅተዋል፣ የበር ወንበር መውደዳቸው ግን አልለቀቃቸውም። ጋትሉዋክ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጸጉሩ ሸብቷል። የነጭ ሸሚዙ ኮሌታ አልቋል፣ ግን ተተኩሷል። አየኝና ዓይኑን ወደ መስታወቱ በር መለሰ።

ዘነበች መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ ባንኮኒው ጀርባ ነበረች። «ሙሉ። ቁጭ በይ፣ ምሳ ብይ» አለችኝ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል።

«ልበላ አልመጣሁም። ለቃሉ ነው።»

«በስልክ ይበቃ ነበር።»

«መርፌው ወርዶ ነበር» አልኩ።

«አልሰማሁሽም። ጄነሬተሩ ይጮኻል።»

ጄነሬተሩ ከሕንፃው ጀርባ ነው፤ በሩም ዝግ ነበር። እንደሰማችኝ አውቃለሁ፣ ማወቄንም ታውቃለች። ሽንኩርት የነካ እጄን በነጠላዬ ጠረግኩና ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት።

ሐጂ ጉርሻቸውን አቆሙ። «የቱ መርፌ?»

«የፒካፗ፣ ሐጂ። ያኔ ሞተሩ የነከሰ ጊዜ። እርስዎም ነበሩ። ውሃው ካለቀ መርፌው ይወርዳል፤ ዛሬ በዓይኔ አየሁት። እሱ አልዋሸም።»

«ታዲያ ሞተሩን ማን በላው?»

«ካልወጣ አትቁም ያልኩት እኔ ነኝ።»

የዘነበችን ሳቅ ስጠብቅ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ የተዘጋጀሁት ለሱ ነው፣ የምመልስላትም ነበረኝ። አልሳቀችም። መሳቢያውን ከፍታ የሆቴሉን መኪና ቁልፍ አወጣችና ባንኮኒው ላይ ወደ ጋትሉዋክ ገፋችው። «ይኸው ቃሏ» አለችው። ያዘጋጀሁት መልስ አፌ ውስጥ ቀረ፤ እስካሁንም ይቆጨኛል፣ ጥሩ መልስ ነበር።

ጋትሉዋክ ቁልፉን ሊያነሳ ሲመጣ አጠገቤ ቆመ።

«እትዬ፣ ዛሬ ወርዶብሽ ነው?»

«አዎ።»

«ሲወርድ ምን አደረግሽ?»

«ነዳሁ።»

ቁልፉን በእጁ ገለባበጠው። «እኔም ነዳሁ» አለኝና ወጣ።

አሁን የዘነበችን እንግዶች ከአየር ማረፊያ ያመላልሳል። መንገድ ላይ ስንተላለፍ ከመሪው ላይ አንድ ጣቱን ያነሳል፣ ከዚያ በላይ አይደለም፤ ይበዛብኛል እንጂ አያንሰኝም። ያኔ «መርፌ አያይም» ያልኳቸው ሰዎች ግማሾቹ ካምፓላ ናቸው፣ ግማሾቹ አገር ገብተዋል፣ የሞቱም አሉ። ስልካቸው ያለኝን ሁለቱን ፈልጌ ደወልኩ። አንደኛው አላነሳም። ሌላኛው ጋትሉዋክ የሚባል ሹፌር ጨርሶ አላስታወሰም፤ «መርፌ አያይም» ስለው ግን ሳቀ፤ ዛሬም ሹፌሮቹን በዚያች ቃል እንደሚቀልድባቸው ነገረኝ።

ቱቦውን አስቀይሬያለሁ። የዘይቷን መብራት ፕላስተር አልመለስኩም። የሙቀቱ መርፌ ሲወጣ ማንም ይቆማል፤ እኔ አሁን ሲወርድ ነው የምቆመው። ትናንት ኮንዮ ኮንዮ መውጫ ላይ ከመሃል ትንሽ ዝቅ ያለ መሰለኝና መንገድ መሃል አቁሜ ኮፈን ከፈትኩ። ራዲያተሩ ሙሉ ነበር። ከኋላዬ ሚኒባሱም ቦዳቦዳውም ክላክስ እያንጫረረ ነበር፤ ክዳኑን በጨርቅ ይዤ እስኪያልፉ ድረስ ውሃውን እያየሁ ቆምኩ።